ሁለተኛ ተሰሎንቄ 3፥10 በፖለቲካ

ሁለተኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች በላከው ሁለተኛ መልእክት ውስጥ የሚገኝ፣ መሥራት የማይፈልግ ሰው እንዳይበላ የሚያዝዝ የአዲስ ኪዳን ቁጥር ነው። ስለ ሥራና ስለ እንጀራ ከተጻፉት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት መካከል የመንግሥት ሰዎች የኢኮኖሚ ውሳኔያቸውን ለመደገፍ አዘውትረው ከሚጠቅሷቸው አንዱ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቨርጂኒያ የሰፈሩት የእንግሊዞች አለቃ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሶቪየት ሕገ መንግሥት አርቃቂዎችና የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር፣ በ21ኛው ደግሞ አንድ የጀርመን ሚኒስትርና የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ተጠቅመውበታል።

እነዚህ ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ነበሩ። የሚለያዩትም ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሳይሆን «የማይሠራው ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ለሌኒን የማይሠራው ባለ ሀብቱ ነበር፤ ለታቸርና ለአሜሪካ ሪፐብሊካኖች ግን ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበለው ሰው ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የቁጥሩ ቃልና ዐውድ

ተሰሎንቄ በሰሜን ግሪክ የምትገኝ የወደብ ከተማ ስትሆን በጳውሎስ ዘመን የሮማውያን የመቄዶንያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። መልእክቱ በጳውሎስ፣ በስልዋኖስና በጢሞቴዎስ ስም የተጻፈ ነው። ከዘመናችን ሊቃውንት ከፊሎቹ ጳውሎስ ራሱ እንደ ጻፈው ሲቀበሉ ሌሎች ከእርሱ በኋላ አንድ ተከታዩ በስሙ ጽፎታል ይላሉ።

በምዕራፍ 3 ከቁጥር 6 ጀምሮ የሚነገረው ከማኅበሩ መካከል ያለ ሥርዓት ስለሚመላለሱ ሰዎች ነው። ጸሐፊው እርሱና ባልደረቦቹ በተሰሎንቄ ሳሉ የማንንም እንጀራ በነጻ እንዳልበሉ፣ በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆኑ ሌሊትና ቀን ይደክሙ እንደ ነበር ያስታውሳል። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ 18፥3 ተጽፏል። ቀጥሎ ይህ ትእዛዝ ይመጣል። ቁጥር 11 ደግሞ እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ሳይሠሩ በሰው ጉዳይ እየገቡ ያስቸግሩ እንደ ነበር ይናገራል። ግሪክኛው እዚህ ላይ «መሥራት» እና «በማያገባ መግባት» በሚሉት ሁለት ቃላት ድምፅ ይጫወታል፤ በትርጉም ይህ ጨዋታ ይጠፋል።

ለፖለቲካው ክርክር ትልቁ ነገር «ኡ ቴሌይ» የሚለው የግሪክኛ ሐረግ ነው፤ ፍችው «አይፈልግም» ወይም «አይወድም» ማለት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ሥራ እያለ፣ አቅምም እያለው፣ እምቢ ስለሚል ሰው እንጂ ሥራ ስላጣ ወይም መሥራት ስለማይችል ሰው አይደለም። በሰፊው የተሠራጨው የአማርኛ ትርጉም «የማይወድ» በማለት ይህን ጠብቆታል። በተራ ንግግር ግን ቃሉ ወደ «የማይሠራ አይብላ» ሲያጥር ይሰማል። አንድ ቃል ብቻ ነው የወደቀው፤ ነገር ግን በአጭሩ አባባል መሠረት ሕመምተኛውም፣ ሽማግሌውም፣ ሥራ ፈልጎ ያጣውም ከማዕድ ይነሣል። በታች እንደሚታየው በሩስያኛም የሆነው ይኸው ነው።

ሰዎቹ ሥራ ለምን እንዳቆሙ ደብዳቤው በግልጽ አይናገርም። ብዙ ተርጓሚዎች ምክንያቱን በምዕራፍ 2 ይፈልጉታል፤ በዚያ የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ ማኅበሩ እንደ ተናወጠ ይነገራል። ዓለም ነገ ካለፈች ዛሬ ማረስ ምን ይረባል እንደ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ የሮማውያንን የደጅ ጥናት ልማድ ያነሣሉ፦ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በአንድ ሀብታም ጥላ ሥር እየዋለ፣ እርሱን እያሞገሰና ጉዳዩን እየተከተለ ይኖር ነበር፤ ጳውሎስ የነቀፈውም ክርስቲያኖች ይህን ኑሮ እንዲተዉ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ግምት ልክ ከሆነ «በሰው ጉዳይ መግባት» የሚለው ቃል በደንብ ይገባል።

ከመነኮሳት ክርክር እስከ ጄምስታውን

ቁጥሩ በመጀመሪያ የተነሣው በመንግሥት ሳይሆን በገዳም ነው። ወደ 400 ዓ.ም. ገደማ በካርታጎ (በዛሬይቱ ቱኒዚያ) አንዳንድ መነኮሳት የእጅ ሥራ አንሠራም አሉ። እነርሱም የሚጠቅሱት ጥቅስ ነበራቸው፦ በማቴዎስ 6 ላይ የሰማይ ወፎች እንደማይዘሩና እንደማያጭዱ የተነገረውን። የካርታጎው ጳጳስ አውሬሊዮስ ስለ ጠየቀው አውግስጢኖስ «ስለ መነኮሳት ሥራ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ ጳውሎስ የተናገረው ስለ መንፈሳዊ ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ እጅ ሥራም ነው ብሎ ተከራከረ። ለደካሞችና ለሕመምተኞች ግን ፈቃድ ትቷል። ጥቅስን በጥቅስ የመመለስ ልማድ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ቁጥር አልተለየም።

በመካከለኛው ዘመን ቶማስ አኲናስ ቁጥሩን የተረዳው ለሰው ልጅ በጠቅላላው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል እንዳልሆነ አድርጎ ነው፤ ያለው ሰው በንብረቱ ቢኖር ትእዛዙን አልጣሰም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፒዩሪታን ሰባኪ ሪቻርድ ባክስተር ግን ሀብታምም ቢሆን ከሥራ ነጻ አይደለም አለ። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር በ1904 እና 1905 ባወጣው ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ በሚናገረው ዝነኛ ጽሑፉ ይህን ልዩነት እንደ ትልቅ ማስረጃ ቆጥሮታል።

በመንግሥታዊ ትእዛዝ መልክ ከሚታወቁት ቀደምት አጠቃቀሞች አንዱ የካፒቴን ጆን ስሚዝ ነው። የለንደኑ የቨርጂኒያ ኩባንያ በ1607 በጄምስታውን ያሰፈራቸው ሰዎች ከጋራ ጎተራ ይበሉ ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸውን የጨዋ ልጅ ብለው የሚቆጥሩ፣ አካፋ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1608 የሰፈሩ ምክር ቤት ሰብሳቢ የሆነው ስሚዝ የማይሠራ እንዳይበላ አዘዘ፤ በሕመም የተሰናከለውን ግን ለይቶ አስቀረ። እርሱ ራሱ በኋላ በጻፈው ታሪክ እንደሚለው የሠላሳ ወይም የአርባ ሰው ድካም መቶ ሃምሳ ሥራ ፈቶችን መቀለብ የለበትም ባይ ነበር።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቀጥሎ የሆነው ሳይጨመርበት ነው። ስሚዝ በባሩድ ቃጠሎ ቆስሎ በ1609 መጸው ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በዚያው ክረምት «የረሃብ ዘመን» የተባለው እልቂት መጣ፤ በጸደይ በሕይወት የተገኙት ወደ 60 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። በስሚዝ ጊዜም ቢሆን ሰፋሪዎቹ ከበሉት በቆሎ ብዙው ያረሱት ሳይሆን ከፓውሃታን ሕዝቦች በንግድ ወይም በማስፈራራት የተገኘ ነበር።

በሶሻሊስቶች ዘንድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥሩ ወደ ሶሻሊስቶች እጅ ገባ፤ አቅጣጫውም ተገለበጠ። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች መሪ አውጉስት ቤበል በ1879 ባሳተመው «ሴትና ሶሻሊዝም» ላይ በዚህ ነገር ሶሻሊዝምና መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቃል እንደሆኑ ጽፏል። ለቤበል የማይሠራው በኪራይ፣ በወለድና በአክሲዮን የሚኖረው ነበር።

ቭላዲሚር ሌኒን በ1917 በጻፈው «መንግሥትና አብዮት» ይህን አባባል የሶሻሊዝም የመጀመሪያ ደረጃ መርሕ አደረገው፤ ከጳውሎስ እንደ መጣ ግን አላነሣም። በዚያው ዓመት በሌላ ጽሑፍ የእህል ንግድ በመንግሥት እጅ እንዲሆን፣ ዳቦ በራሽን እንዲሰጥና የሥራ ግዴታ እንዲጣል፣ የሥራ ደብተርም በቅድሚያ ለሀብታሞች እንዲታደል ሐሳብ አቀረበ። በሜይ 1918 ረሃብ ፔትሮግራድን ሲያስጨንቅ ለከተማዋ ሠራተኞች በላከው ደብዳቤም መርሑን እንደገና አንሥቶ እህል የሚደብቁትን ባለ ጸጎችና ነጋዴዎች አወገዘበት። በ1918 በፔትሮግራድ የተጀመረው ራሽን ሕዝቡን በሥራው ዓይነት ይከፍል ነበር፤ ከባድ ሥራ የሚሠራው ከፍተኛውን፣ ከሀብቱ የሚኖረው ዝቅተኛውን ድርሻ ያገኝ ነበር።

በጁላይ 1918 የጸደቀው የሩስያ ሶቪየት ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 አባባሉን በቀጥታ አስገባው። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 ያለ ሥራ በሚገኝ ገቢ የሚኖሩትን፣ ከእነርሱም ጋር መነኮሳትንና የየሃይማኖቱን አገልጋዮች የመምረጥ መብት ከልክሏል። የሐዋርያው ቃል ሕግ በሆነበት ሰነድ የሐዋርያው ሰባኪዎች ከማይሠሩት ተቆጠሩ ማለት ነው።

የ1936ቱ የስታሊን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 መርሑን ደገመው፤ ሥራ አቅም ላለው ዜጋ ሁሉ ግዴታና ክብር ነው በሚል አቅም የሌለውን ለየ። በዚያው ዓመት በስደት ላይ የነበረው ሌዮን ትሮትስኪ «የተከዳው አብዮት» በተባለው መጽሐፉ መንግሥት ብቸኛ ቀጣሪ በሆነበት አገር የድሮው መርሕ «የማይታዘዝ አይብላ» ወደሚል እንደ ተለወጠ ጻፈ። ይህ ትችት ለሶቪየት ብቻ የሚሠራ አይመስልም፤ ማን እንደ ሠራ የሚወስነው አካል ማን እንደሚበላም ይወስናል።

በ1961 የወጣው የ«ጥገኞች» አዋጅ የመርሑን ፍጻሜ ያሳያል። ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተልኮ በግዴታ እንዲሠራ ይፈርድ ነበር። በ1964 በሌኒንግራድ በዚህ ክስ ከቀረቡት አንዱ ባለቅኔው ዮሲፍ ብሮድስኪ ነበር። ግጥም መጻፍና መተርጎም ሥራዬ ነው ቢልም ዳኛዋ ባለቅኔነቱን ማን እንዳጸደቀለት ጠየቀችው፤ የአምስት ዓመት ግዞት ተፈርዶበት በአርካንግልስክ ክፍለ ሀገር እርሻ ላይ ሠራ፤ በ1965 ተለቀቀ። በ1987 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። በ1977 በወጣው የሶቪየት ሕገ መንግሥት ውስጥ አባባሉ አልተካተተም።

የታቸር የኤድንብራ ንግግር

በዘመናችን ቁጥሩን ከጠቀሱት ንግግሮች ሁሉ የታወቀው ማርጋሬት ታቸር በሜይ 21 ቀን 1988 በኤድንብራ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያደረገችው ነው። የጉባኤው አዳራሽ «ዘ ማውንድ» በተባለ ጉብታ ላይ ስለሚገኝ ጋዜጦች የጌታን የተራራ ስብከት በሚያስታውስ ቀልድ «የጉብታው ስብከት» ብለው ጠሩት።

ታቸር የግራንታም ከተማ ባለ ሱቅና የሜቶዲስት ምእመናን ሰባኪ የነበረው የአልፍሬድ ሮበርትስ ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ቅዱስ መጥቀስ ለእርሷ አዲስ ነገር አልነበረም። በጃንዋሪ 1980 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ደጉ ሳምራዊ መልካም ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ስለ ነበረው ነው የሚታወሰው ብላ ነበር። ሰውዬው ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ስለ ከፈለ አባባሏ ከጽሑፉ አይጋጭም፤ ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ታሪኩ የተነገረው ባልንጀራ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው።

በኤድንብራ ሦስት ነገሮችን አያያዘች። በመጀመሪያ ሰው ሠርቶ ራሱንና ቤተሰቡን ማኖር እንዳለበት ከተሰሎንቄ መልእክት ጠቀሰች፤ በ1 ጢሞቴዎስ 5፥8 ያለውን ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ከማያምን ይከፋል የሚለውን ሐሳብም ጨመረች። ቀጥላ ሀብት ማፍራት ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ኃጢአቱ ገንዘብን ለራሱ ሲሉ መውደድ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያም የመንግሥት እርዳታና ግብር የግለሰቡን ኃላፊነት እስከሚያጠፋ ድረስ መብዛት እንደሌለባቸው ደመደመች። መጽሐፍ ቅዱስ ምን ዓይነት የፖለቲካ ተቋም መኖር እንዳለበት በዝርዝር እንደማይነግር፣ በዚህም ክርስቲያኖች በቅንነት ሊለያዩ እንደሚችሉ መናገሯ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

ንግግሩ የተደረገበት ጊዜ ትርጉሙን አክብዶታል። ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 1988፣ የገንዘብ ሚኒስትሯ ናይጀል ሎውሰን ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያ የሥራ አጦች ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ በስኮትላንድ የብረትና የከሰል ከተሞች ደህይተው ነበር። በ1987 ምርጫ ፓርቲዋ በስኮትላንድ ከነበሩት 72 መቀመጫዎች ያገኘው 10 ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 1988 ደግሞ ለአብዛኞቹ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ይሰጥ የነበረው የገቢ ድጎማ ቆመ። ስለዚህ በአዳራሹ የተቀመጡት ቀሳውስት ቁጥሩን የሰሙት እንደ ጥንት ምክር ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱት የገዛ ምእመኖቻቸው ነበሩ።

የጉባኤው መልስ በእንግሊዞች ወግ ጨዋ፣ ግን የተሳለ ነበር። ሰብሳቢው ጄምስ ኋይት አመስግነው ሁለት የቤተ ክርስቲያኒቱን ጥናቶች በስጦታ ሰጧት፦ አንዱ ስለ መኖሪያ ቤት ችግር፣ ሌላው ስለ ሀብት፣ ስለ ገቢና ስለ ድጎማ ፍትሐዊ ክፍፍል የሚናገር። በቀጣዩ ዓመት ደራሲው ጆናታን ራባን ንግግሩን ቃል በቃል የሚተነትን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም አስቀድማ በ1985 ስለ ከተሞች ድህነት ባወጣችው ሪፖርት ከታቸር መንግሥት ጋር ተጋጭታ ነበር።

በጀርመን

በሜይ 2006 የጀርመን ምክትል መራኄ መንግሥትና የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንጽ ሙንተፌሪንግ በፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ስብሰባ አባባሉን እንደ ጠቀሰ ጋዜጦች ዘገቡ። የተነጋገሩት «ሃርትዝ አራት» ተብሎ የሚታወቀውን፣ በ2005 ሥራ ላይ የዋለውን የሥራ አጦች ድጎማ ስለ ማጥበቅ ነበር። ሙንተፌሪንግ የቤበል ፓርቲ ሰው ነው። በባለ ሀብቱ ላይ የተነጣጠረው የፓርቲው የድሮ አባባል ከ127 ዓመት በኋላ በዚያው ፓርቲ ሰው አፍ ወደ ሥራ አጡ ዞረ። በሕጉ መሠረት የቀረበለትን ሥራ ደጋግሞ እምቢ ያለ ሰው ድጎማው እስከ ሙሉው ሊቆረጥበት ይችል ነበር። የጀርመን ፌዴራላዊ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2019 ከ30 በመቶ በላይ መቁረጥ ከሰብዓዊ ክብር ጥበቃ ጋር አይስማማም ብሎ ወሰነ። ጥያቄው በመጨረሻ የተፈታው በጥቅስ ሳይሆን በሕገ መንግሥት አንቀጽ ነው።

በአሜሪካ የምግብ ድጋፍ ክርክር

በዩናይትድ ስቴትስ ቁጥሩ የሚነሣው በተለይ ስናፕ በተባለው፣ በቀድሞ ስሙ ፉድ ስታምፕ በሚታወቀው የምግብ ድጋፍ ላይ ነው። በኦገስት 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረመው የማኅበራዊ ድጋፍ ማሻሻያ ሕግ ጤነኛ የሆኑና ልጅ የማያሳድጉ ጎልማሶች በሳምንት 20 ሰዓት ካልሠሩ ወይም ካልሠለጠኑ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ድጋፉን እንዳያገኙ ደነገገ።

ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የተጠቃሚዎች ቁጥር ጨምሮ በ2013 ወደ 47 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያ ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ኮሚቴ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚቀንስ ረቂቅ ሲያይ ክርክሩ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተለወጠ። የካሊፎርኒያው ዴሞክራት ሁዋን ቫርጋስ፣ በወጣትነቱ ከኢየሱሳውያን ማኅበር ጋር የነበረ ሰው፣ ማቴዎስ 25ን ጠቀሰ፤ በዚያ ምዕራፍ ንጉሡ ብራብ አብልታችሁኛል እያለ ይፈርዳል። የቴነሲው ሪፐብሊካን ስቲቨን ፊንቸር በሁለተኛ ተሰሎንቄ መለሰለት። ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው የሚለውንም ጨመረ። በዚያው ሰሞንም ድሃን መርዳት የክርስቲያኖች ግዴታ እንጂ ዋሽንግተን ከአንዱ ወስዳ ለሌላው የምትሰጠው አይደለም ብሏል።

ሁለት ነገሮች ተነሡበት። ስለ ድሆች የተናገረው ቃል ከዘዳግም 15፥11 የተወሰደ ነው፤ እዚያም ዐረፍተ ነገሩ የሚያበቃው ለድሃው እጅህን ክፈት በሚል ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፦ ኤንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት መዝገብ ባወጣው ስሌት ገበሬው ፊንቸር ከ1999 እስከ 2012 ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የእርሻ ድጎማ ተቀብሏል። የእርሻ ድጎማና የምግብ ድጋፍ በአሜሪካ በአንድ ረቂቅ ሕግ ውስጥ አብረው ስለሚጓዙ ንጽጽሩን ማምለጥ ከባድ ነበር። ረቂቁ በጁን 2013 በምክር ቤቱ ወደቀ፤ በ2014 የጸደቀው ሕግ ቅነሳውን በአሥር ዓመት ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር አወረደው።

በማርች 2017 በዚያው ኮሚቴ ሌላ ጥንድ ጥቅስ ተጋጠመ። ረሃብን የሚዋጋ የአይሁድ ድርጅት ተወካይ በዘሌዋውያን 19 ያለውን የቃርሚያ ሕግ አስታወሰ፦ ባለ እርሻው አዝመራውን ሲሰበስብ የእርሻውን ዳርቻ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው የሚያዝዘውን። የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ጆዲ አሪንግተን ተሰሎንቄን አነበበለት። የቃርሚያው ሕግ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አለው፤ ቃራሚው ጎንበስ ብሎ መልቀም አለበት፣ ባለ እርሻው ግን መተዉ በፈቃዱ ሳይሆን በሕግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ግዴታው እየሰፋ ሄዷል። በ2023 የዕድሜው ጣሪያ ወደ 54 ከፍ አለ፤ በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ እስከ 64 ዓመት አደረሰው፣ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ያላቸውን ወላጆችም ጨመረ።

የትርጓሜ ክርክር

ቁጥሩን በመንግሥት ፖሊሲ ላይ መጠቀምን የሚቃወሙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን ከ«መውደድ» ቃል ሌላ የሚያነሡት አድራሻውን ነው። መልእክቱ የተላከው አብሮ ለሚበላ ትንሽ ማኅበር እንጂ ለቄሣር አይደለም። በዚያ ማኅበር ማን እምቢተኛ፣ ማን ችግረኛ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ የመንግሥት ቢሮ ግን የሚያየው ፎርምና የሰዓት መዝገብ ነው፣ ወረቀቱን በጊዜ ያላስገባ ሠራተኛም እንደ ሥራ ፈት ይቆጠራል። ደግሞም ጥቅሱ ቁጥር 10 ላይ ይቆማል፤ ቁጥር 13 አንባቢዎቹ መልካም ማድረግን እንዳይታክቱ ይመክራል።

የሚደግፉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጳውሎስ ሥራን ያዘዘው ራሱ እየሠራ ነው፤ እርዳታን ከሁኔታ ጋር ማያያዝም ለቀደመችው ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አልነበረም። በ1 ጢሞቴዎስ 5 መሠረት ማኅበሩ በመዝገብ ጽፎ የሚረዳት መበለት ዕድሜዋ ከ60 ያላነሰ፣ በመልካም ሥራዋ የተመሰከረላት መሆን ነበረባት፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላትንም እነርሱ እንዲጦሯት ታዝዟል። ይህን ክፍል የምግብ ድጋፍ ቅነሳን የሚደግፉ ፖለቲከኞች ከተሰሎንቄው ይልቅ ሊጠቅሱት ይችሉ ነበር፤ የብቃት መመዘኛ ያለው የእርዳታ መዝገብ ነውና። ነገር ግን የዕድሜው ገደብ በዚያ የተቀመጠው ድጋፉ የሚጀመርበት ሆኖ ነው፤ ወጣት መበለቶችን በመዝገቡ አትጻፍ ይላል እንጂ አይብሉ አይልም።